በየትኛው እሳት ነው የበሰለው?

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ጎረቤቴ አዲስ የገዛችውን የሲሊንደር ምድጃ ለኮሰችና «ነይ፣ ሻይሽን እዚህ ጣጂ» አለችኝ። ፍስስ የሚለው ድምፅና ያቺ ሰማያዊ ነበልባል አንድ ላይ ሲመጡብኝ ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጋዝ የፈራሁ መስሏት ሳቀችብኝ። እኔ ግን ያደግኩበት ጫኖ ነበርኩ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ ከአክስቴ ጎን።

ጫኖ ያለው ቤታችን ሙዝና ማንጎ መሃል ነበር። አባቴ አስተማሪ ነው። እናቴ ዓይኗን ትታመም ስለነበር ሐኪሙ «ከጭስ ካልራቅሽ ዓይንሽን ታጪዋለሽ» ብሏት እንጨትና ከሰል ከቤታችን ወጡ። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምድጃ እናበስላለን። መብራቱ ግን የዘመድ ጠባይ ነበረው፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፣ ሲሄድ አይሰናበተንም። አባቴ ሲመረው ጓሮውን አስቆፍሮ ባዮጋዝ አስገነባ። የሁለቱ ላሞቻችን እበት በውሃ ተበጥብጦ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ሲብላላ ጋዙ በቱቦ ማድ ቤት ድረስ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት እበቱን መበጥበጥ የእኔ ሥራ ነበር፣ እስከ ክርኔ ድረስ። ሽታውን ሳሙናም ቢሆን እንደ ልብ አያስለቅቀውም፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ለማግኘት ብዙ ለፍቻለሁ።

ሰፈሩ አባቴን «የእበቱ መምህር» ይለው ነበር። ከሥራ መልስ በራችን ላይ የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ሙዝ ነጋዴው «ይሄ ሁሉ ወንዝ እያለን እበት? ግድብ ነው የሚያዋጣን» ሲል፣ ጡረተኛው ሾፌር «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ! ግድቡ ቢሞላስ፣ እዚህ የሚያደርሰው ሽቦ የታለ? ፀሐይ ይሻላል፤ በፀሐይስ ጫኖን የሚያህል ሀብታም የለም» ይለዋል። አባቴ ሁለቱንም አዳምጦ «ሁሉም ይምጣ። እስኪመጣ ግን ራት መብላት አለብን» ይላል።

ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የመረረው አክስቴ ስትመጣ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። ባሏ ሲሞት አባቴ ደጋው ዶርዜ ወጥቶ «ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም» ብሎ፣ እንሰቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ይዟት ወረደ። ዕድሜ ልኳን አብራን እንድትኖር ክፍሏን ራሱ ቀለም ቀብቶ ነበር የጠበቃት። በጫኖ ሙቀት ጋቢዋን አታወልቅም። «ብርዱ ያውቀኛል፣ ተከትሎኝ ይመጣል» ትለን ነበር።

መብራት በጠፋበት በመጀመሪያው ምሳ እናቴ ሽሮውን በጋዝ አብስላ አቀረበች። አክስቴ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች በኋላ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። አባቴ ይህን ጥያቄ ሲናፍቅ የኖረ ይመስል ከላሟ ጀምሮ አስረዳት። እሷም ቀስ ብላ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ወዲያ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ሆነ፤ «በየትኛው እሳት ነው የበሰለው?» በመብራት ከሆነ ትበላለች። በጋዝ ከሆነ ከዶርዜ ይዛው የመጣችውን የገብስ ቆሎ ታወጣለች። መጀመሪያ ስቀን ነበር። በኋላ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና መብራት ጨርሶ ቀረ፤ ሳቃችንም አብሮ ቀረ።

እናቴ «ለእሷ ብቻ ደጅ ላይ እንጨት ላንድድ» ስትል የተቆጣችው ራሷ አክስቴ ነበረች። «በእኔ ሆድ የአንቺ ዓይን አይጠፋም! ቆሎዬ እስኪያልቅ እቆያለሁ፣ ሲያልቅ ወደ አገሬ እወጣለሁ።» አባቴ በየቀኑ አንዴ ጉንጯን፣ አንዴ የቆሎውን ከረጢት ያይ ነበር። ሁለቱም እየጎደሉ ነበር።

ሁላችንም እበቱን የተጠየፈች መስሎን ነበር። አባቴ «ሽታ የለውም እኮ፣ እስኪ አሽትቺው» እያለ ሲለምናት ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። በጋሞኛ ነበር የተናገረችው፤ በአማርኛ ሳወራው ግማሹ ቁጣ ይቀርብኛል።

«እበት ልጠየፍ? እኔ? አንተ ስታድግ በቅርጫት ሙሉ በጀርባዬ የተሸከምኩት ምን ነበር? እበት የእንሰት ምግብ ነው። ያበላህ እንሰቱ ነው፣ ያስተማረህም እንሰቱ ነው። አሁን ምግቡን ቀምተህ ታነደዋለህ፤ ከዚያ ደግሞ ብዪ ትለኛለህ!»

አባቴ የሚነደው ጋዙ ብቻ እንደሆነ፣ ተብላልቶ የሚወጣው ጭቃ እንዲያውም ከእበቱ የተሻለ ማዳበሪያ እንደሆነ ነገራት። እሷ ግን ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነች። የቆሎ ከረጢቷን ቋጠረች።

ከዚያ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ሙዝ ነጋዴው በስብሶ መጣ። ሚስቱ ወልዳ ነበር። «እባካችሁ፣ እንጨቱ ረጥቦ አልነድ አለኝ። አራሷ ከነጋ ትኩስ ነገር አልቀመሰችም» አለ። እናቴ ለጸሎት ከተማ ሄዳ ስለነበር እኔ ጋዙን ለኩሼ የገንፎ ድስት ጣድኩ። አክስቴ ጥቂት ካየችኝ በኋላ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደች። «ለአራስ ድንጋይ ልታበያት ነው እንዴ? ወዲያ በይ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰማያዊው እሳት ከስር ይንሾካሾካል፣ የገብሱና የቅቤው ሽታ ማድ ቤቱን ሞልቶታል። ገንፎው ሲደርስ አክስቴ ቆም አለች። እኛ ዘንድ ያበሰለች ሴት ሳትቀምስ ለአራስ አትሰጥም። ሰውየው ሳህኑን ይዞ ይጠብቃል። ድስቱን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ በጣቷ ቆረሰች፣ ቅቤ ነከረችና ጎረሰች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተረፈውን ገንፎ ከፊቷ አድርጋ አገኛት። አሁን ማስረዳት ሊጀምር ነው ብዬ ፈራሁለት። እሱ ግን ውሃ አምጥቶ እጇን አስታጠባት፣ ከጎኗ ቁጭ አለ፣ ከአንድ ድስት በሉ። የዝናቡን ውሃ ከፊቱ የሚጠርግ መስሎ ዓይኑን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። እኔም እዚሁ ትቀራለች ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ የቀረበላትን ሳትጠይቅ ትበላ ነበር። ጠዋት ግን አብራኝ ጓሮ እየወጣች፣ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ጭቃ በጣቶቿ ታሻለች፣ ታሸታለች። ጭቃውን ያፈሰስንበት ሙዝ ቅጠሉ ለምልሞ ሲጠቁር አየች። ዝናቡ ሲያበቃ አንድ ጠዋት ጓዟን አስራ ተነሳች።

«አሁንማ እየበላሽ ነው» አላት አባቴ። «ምን ጎደለብሽ?»

«እኔማ በላሁ። እንሰቴ ግን አልበላም።»

አባቴ የደረቀውን ጭቃ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ፣ የትምህርት ቤት ኮቱን እንደለበሰ በትከሻው ተሸከመው። የሚኒባሱ ረዳት አፍንጫውን ይዞ «መምህር፣ ምንድን ነው ይሄ?» ሲለው «የእህቴ ስንቅ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ዶርዜ የሚወጣ ሰው ባገኘ ቁጥር አንድ ከረጢት ያሸክመው ነበር።

አክስቴ ጫኖ ዳግም አልወረደችም። እኛ ነን የወጣነው፤ ለቀብሯ። ለቀስተኛው ተበታትኖ አባቴን ሳጣው ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ከሱ ቁመት በላይ በረዘመው እንሰት መሃል ቆሞ፣ ሰፊውን ቅጠል በመዳፉ ቀስ እያለ ይዳብስ ነበር።

«ጠግቧል» አለኝ።