ሁለት ዙር ቀርቶ ነበር

ይሄን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። "አባቴ፣ ተሳስቼ የሰው ልጅ ጎዳሁ" አልኳቸው፤ "ሳያውቁ ለሆነው እግዚአብሔር ይቅር ይላል" ብለው አሰናበቱኝ። ሳያውቁ! ልናዘዝ ሄጄ ዋሽቼ ተመለስኩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ብቅል አልቀመስኩም፣ ሻይ ይዤ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ሞቅ ብሏት ነው አትበሉኝ። ደክሟት ነው፣ እንቅልፍ አጥታ ነው፣ እንግሊዝኛው ተምታቶባት ነውም አትበሉኝ። ይሄንን ሁሉ ሰምቼ ጠግቤዋለሁ።

እኔ የአንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሩጫ አበላሽቻለሁ። አውቄ ነው ያበላሸሁት።

የልጅቷ ስም ሀዊ ነው። እናቷ ጫልቱ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ነበረች አልልም፣ አሁንም ናት፣ ምክንያቱም አታውቅም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኢገን በሚባል ከተማ አንድ አፓርትመንት ውስጥ እነሱ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኛ ሦስተኛ ፎቅ ነበርን። ሻኮፒ የሚባል ጎረቤት ከተማ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ አንድ ሺፍት እንሰራለን። በረዶ ላይ ድራይቭ ማድረግ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መሪውን ይዤ ስንቀጠቀጥ "ፍሬኑን አትርገጪ ዘኒ፣ እግርሽን አንሺ" ትለኛለች፤ ከኔ ጋር በአማርኛ፣ ከፈጣሪዋ ጋር በኦሮምኛ እያወራች። እኔ እጄን ያነሳሁት እንዲህ ያለች ሴት በወለደቻት ልጅ ላይ ነው። እጄን እንኳ አይደለም፣ አፌን።

የኔ ልጅ መክሊትና ሀዊ እኩያ ናቸው፤ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቡድን። በዊንተር ውጭው በረዶ ስለሆነ ውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። የአዳራሹ መም አንድ ዙር ሁለት መቶ ሜትር ናት፣ ስለዚህ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር የምትሮጥ ልጅ አሥራ ስድስት ጊዜ ትዞራለች። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ። መክሊት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስትሮጥ በዚህ ርቀት የሚቀድማት አልነበረም። ከዚያ ሀዊ፣ ኳስ ስትጫወት የኖረችው ሀዊ፣ እስቲ ልሞክረው ብላ መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ቀደመቻት። መክሊት ምንም አልመሰላትም፤ ተቃቅፈው እየሳቁ ነው የሚወጡት። የከፋኝ እኔን ነው። ልጄ ያልተሰማትን እኔ ተሰማኝ፤ ለምን? ማን ውክልና ሰጠኝ?

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስንሄድ ጫልቱ መሪውን እንደያዘች፣ "ዘኒዬ፣ ሀዊ እንዲህ የፈጠነችው እኮ በመክሊት ነው። ከኋላ የሚያባርራት ሰው ባይኖር ማን ይሮጥ ነበር?" አለችኝ። ምስጋና ነው። ከልቧ ነው ያለችው፣ ተንኮል የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ ያንቺ ልጅ የኔን ልጅ ማስሮጫ ናት። እርር ድብን አልኩ። አፌ "እንዴታ!" አለ፣ ሆዴ ግን ቃሉን ይዞ አስቀመጠው።

የዊንተሩ የመጨረሻ ውድድር ቅዳሜ ቀን ሴንት ፖል ከተማ ነበር። የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሀዊን ለቡድኑ ይመርጣት እንደሆን ሊያይ መጥቶ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ጫልቱ እሱን ሰርቃ እያየች እጇን ታፍተለትላለች። የቀረውን ዙር የሚያሳየው ትልቁ ሰሌዳ ያን ቀን አልሰራ አለ። ስለዚህ የልጆቻችን ቡድን ኮች ወላጆችን ለመነ፤ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንድንይዝ፣ ባለፈች ቁጥር ወረቀት ላይ ምልክት አድርገን ሰዓቷን እንድንጽፍ፣ የቀራትን ዙር ጮኸን እንድንነግራት። የገዛ ልጅን መቁጠር ክልክል ነው፣ ሰው እንዳያዳላ። መክሊትን አጠገቤ የቆመች ነጭ ሴትዮ ያዘች። ሀዊን ለኔ ሰጡኝ። ጫልቱ ራሷ ናት "ለዘኒ ስጧት፣ እሷ ጠንቃቃ ናት" ያለችው።

አሯሯጧን ልመስክር፣ ይሄን እንኳ አልነፍጋትም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። ትከሻዋ አይነቃነቅም፣ ፊቷ ላይ ጭንቅ የለም። በየዙሩ ሰዓቷን ስጽፍ ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ። አንዷም አልዛነፈችም። የአዳራሹ ሪከርድ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ አሥር ደቂቃ ከሃያ ስድስት ሰከንድ። በስምንተኛው ዙር ላይ ሪከርዱ እንደሚወድቅ አወቅኩ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበራ። መክሊት ከኋላዋ ስድስት ሰባት ሜትር ላይ ጥርሷን ነክሳ ትከተላለች። የሚያባርራት ሰው ባይኖር ማን ይሮጥ ነበር? ያ ቃል ከተቀመጠበት ተነሳ።

ሀዊ አሥራ ሦስተኛውን ጨርሳ ስታልፍ ሦስት ዙር ነበር የሚቀራት። "ሁለት!" ብዬ ጮህኩላት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ይቺን የመጀመሪያዋን ወለምታ ነበረች እያልኩ ስንት ጊዜ ለራሴ ተከራክሬያለሁ። ደግሞስ ብትሆን? ሀዊ ዞራ እስክትመለስ ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ነበረኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ሰከንድ ረጅም ነው፤ አባታችን ሆይ ተብሎ ይጨረሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወረቀቱን አየሁ፣ መክሊትን አየሁ፣ ጫልቱን አየሁ። ሀዊ መጣች። ሁለት ዙር ቀርቷት ነበር። "ላስት ላፕ!" አልኩ፤ የመጨረሻ ዙር ማለት ነው። በሙሉ ድምፄ ነው ያልኩት፣ ደግሜም አልኩት።

ልጅቷ ያላትን ሁሉ አወጣች። ሕዝቡ ተነሳ። መስመሩን ስታልፍ የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ፤ እሷ ግን ሦስት ልጆች በአንድ ዙር ደርባ ስለነበር ደወሉ የነሱ መሰላት። እጇን አነሳች፣ ከመሙ ወጥታ ወደ መሐል ገባች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከመሙ የወጣ ደግሞ አበቃለት፣ ተመልሶ አይገባም። መክሊት አልፋት ሄደች፣ የቀረውን ዙር ሮጣ አንደኛ ወጣች። ሀዊ ሰው የሚጮህባት ለምን እንደሆነ ግራ ገብቷት ቀና ብላ የፈለገችው እኔን ነው። "ጨርሻለሁ አይደል፣ አንቲ ዘኒ?" አለችኝ። እኔ ወረቀቴን ማየት ጀመርኩ።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። ማንም አልጠረጠረኝም። ኮቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ አድርጎ፣ በሁለተኛ ቋንቋ መቁጠር ከባድ ነው፣ ራስሽን አትውቀሺ አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ደብረ ብርሃን አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ! ዌርሃውስ ውስጥ በቀን ስንት ሳጥን ቆጥሬ የማስረክብ ሴት ነኝ! አሥራ ስድስት ድረስ መቁጠር አቃታት ተባልኩ። እኔስ? ተቀበልኩት። ተመችቶኝ ነዋ። ስድቡን እንደ ብርድ ልብስ ተከናነብኩትና ውስጡ ተደበቅኩ። ወረቀቱን ሲጠይቁኝ "ጠፋብኝ" አልኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ጫልቱ ደግሞ አቀፈችኝ። ልጇ ወለሉ ላይ እያለቀሰች፣ አሰልጣኙ ጃኬቱን ለብሶ እየወጣ፣ እሷ እኔን ታባብላለች። "ሌሊት ትርፍ ሺፍት ሠርተሽ ሳትተኚ ነው የመጣሽው፣ አንቺ ምን ታደርጊ። በቃ ተይው።" ሰኞ እንደ ወትሮው በመኪናዋ ሥራ ወስዳ መለሰችኝ። አንድም ቀን አላነሳችውም።

መክሊት ግን አንስታዋለች። የዚያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አላደረገችውም፣ የጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነው። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ "ከኋላዋ ነበርኩ፣ ያልሻትን ሰምቻለሁ። እኔም መቁጠር እችላለሁ፣ ማሚ" አለችኝ። በፀደይ ለቡድኑ አልተመዘገበችም። የልጄን ድል ላገኝላት ብዬ ሩጫዋን ራሱን ወሰድኩባት። ለሀዊ አንድ ውድድር ነው ያበላሸሁት፤ ለገዛ ልጄ ግን ሁሉንም።

እዚህ ላይ የሀዊ ሕይወት ተበላሸ እንድላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። አልተበላሸም። ያ አሰልጣኝ ሳይደውልላት ቀረ፣ እሷ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ገብታ ዛሬ ነርስ ናት፣ ደህና ትኖራለች። ታዲያ ይሄ ለኔ ምኔ ነው? የወረወርኩት ድንጋይ ስላልገደላት አልወረወርኩም ልበል? ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዳግመኛ አልሮጠችም። ያን ቀን በስንት ሰዓት ትገባ እንደነበር ማንም አያውቅም። እኔ ግን አስልቼዋለሁ። ሳትፈጥን፣ በያዘችው አሯሯጥ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ ከሃያ አራት። ስሟ እዚያ ግድግዳ ላይ መሆን ነበረበት፣ የለም። ስምንት ዓመት ይሄን ቁጥር ብቻዬን ይዤው ኖርኩ።

እስከ ባለፈው ሳምንትም ይዤው መኖር የምችል መስሎኝ ነበር። የሀዊ ታናሽ እህት ሲምቦ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት፣ እሷም ትሮጣለች። ጫልቱን ላደርሳት ብዬ ልምምዷን ቆሜ አየሁ። ልጅቷ መስመሩን ባለፈች ቁጥር አንድ ጣቷን ታጥፋለች። አሥሩ ሲያልቅ ትዘረጋና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ሩጫ የሚያውቅ ሰው ጣት እየቆጠሩ መሮጥ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል፣ እጅ ዘና ማለት አለበት። ምን ሆና ነው ስላት ጫልቱ ሳቀች። "ሀዊ ናት ያስተማረቻት። ሰው በቆጠረልሽ እንዳትተማመኚ ትላታለች።" ከዚያ ነገሩ ትዝ ሲላት ደነገጠች፣ እጄን ያዘች፣ "አንቺን ማለቷ አይደለም እኮ" አለችኝ። እኔን ማለቷ ነው። ሌላ ማንን ይሆናል?

ዛሬ ደግሞ ጫልቱ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ሲምቦ ትሮጣለች፣ ቆጣሪ ጎድሏል። "ነይና ቁጠሪላት ዘኒዬ፣ ያኔ የሆነውን እርሺው፣ ሰው ይሳሳታል" አለችኝ። እሺ አልኩ።

እሄዳለሁ። ይቅርታ ልለምን አይደለም የምሄደው፤ ይቅርታማ ተሰጥቶኛል፣ ላልሠራሁት ስህተት፣ በነጻ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። አንገሸገሸኝ። ተሳሳትሽ ከምባል ክፉ ነሽ ብባል ይሻለኛል፤ ክፋቱ ቢያንስ የራሴ ነው። ጫልቱ ልትጮህብኝ፣ በኦሮምኛዋ ልትራገመኝ፣ መኪናዋ ውስጥ ዳግመኛ ላታስገባኝ መብቷ ነው። ያንን መብት ስምንት ዓመት ሰርቄያታለሁ። ብትጣላኝም ትጣላኝ። ብቻ ያቺ ልጅ ጣቷን ዘርግታ ትሩጥ።

ያ ወረቀት ጠፋ ያልኩት አልጠፋም። ከመኪናዬ ኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፣ መኪና ስቀይር እንኳ አብሮኝ ተቀይሯል። ቅዳሜ፣ ሲምቦ ጫማዋን ሳታስር በፊት፣ ጫልቱ እጅ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ተሳስቼ ብሆን ኖሮ ሀዊ ስትቆም አሥራ ስድስት ምልክት ይኖርበት ነበር። አፌ ሲዋሽ እጄ በትክክል እየጻፈ ነበር።

አሥራ አምስት ነው ያለበት። ትቁጠረው።