ኮምፒውተር የጣለ ጽሑፍ

ሁለት ገጽ ጽፌ ኮምፒውተር ጥያለሁ። ይህን ያለው የእህቴ ባል ነው። እኔም አልተከራከርኩም፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ሙገሳ ከየት አገኛለሁ?

ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ አሁን ግን እዚህ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ሱቅ አለው። የወንዶቹን አዳራሽ እሱ ይቀርጻል፣ የሴቶቹን እህቴ። ሁለቱ ካሜራዎች፣ ምስል እንዲቀበሉ ውስጡ በተሰኩ ሁለት ካርዶች፣ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይገናኛሉ። ሥራ በሌለ ሰዓት እኔ በዚያው ኮምፒውተር እጽፋለሁ፤ ሌላ የለንም። ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ድርቅ ይላል።

«ወላሂ፣ ጽሑፍሽ ከብዶታል» አለኝ። «ስንት ሰርግ የተሸከመ ማሽን በአንቺ ታሪክ ይውደቅ? አንዴ ከደገመው ከዚህ ወንበር ትነሻለሽ።»

ሚሞሪ ገዝቶ ጨመረለት። ካርዶቹ የተጨመረውንም ያዙት።

እንዴት አወቅሽ አትሉኝም? ከወንበሩ ሳልነሳ ልድረስበት ብዬ፣ ሚሞሪውን ማን እንደያዘው ከፍቼ አየሁ። ጽሑፌ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ካሜራዎቹ ተነቅለው ቦርሳ ውስጥ ተኝተዋል፤ ካርዶቻቸው ግን ምናልባት ሰርግ ቢመጣ ብለው አብዛኛውን ቆልፈው ይዘዋል። ሌላውን ፕሮግራም ጠጋ በል ቢሉት ጠጋ ይላል። ካርድ የቆለፈውን ቦታ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ አይነካውም፤ ምስሉ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነዋ። ሚኒባስ ውስጥ ላልመጣ ዘመድ ቦርሳ አስቀምጦ ወንበር እንደሚይዝ ሰው በሉት።

«ገደብ እናብጅላቸው» አልኩት።

«በገንዘቤ የገዛሁት ካርድ ይገደብ?»

«ጋሼ፣ እነሱ ካልተገደቡ እኔ ልነሳ ነው እኮ።»

አጉረምርሞ ፈቀደ። እኔም በደስታ ብዛት ገደቡን አጠበብኩት። በማግስቱ ሲሞክሩት የወንዶቹ ወገን ተከፈተ፣ የሴቶቹ ግን ሚሞሪ የለም ብሎ ቀረ።

«ሴቶቹን አስወጥተሽ ነው የምትጽፊው?» አለችኝ እህቴ።

ትንሽ ላላ አደረግኩት። ሁለቱም ወገን ገባ፣ ሰርጉም በሰላም አለፈ፣ ጽሑፌም ሦስተኛው ገጽ ላይ ደረሰ።

የእህቴ ባል ግን ዛሬም በካርዶቹ አልጨከነም። ኮምፒውተሩ እንዴት ተሻለው ብለው ሲጠይቁት በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ይቺ ልጅ ቀለል አድርጋ መጻፍ ጀመረች» ይላል።

እኔ ደግሞ እያስረዘምኩት ነው።