በአንድ ርግጫ የሚነሳ ሞተር

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል፣ መስከረም ሲጠባ በአንድ ርግጫ ተነስቶላችሁ ያውቃል? ካላወቀ እንዴት ደስ እንደሚል ልንገራችሁ። እግራችሁ ወርዶ ሳይመለስ ሞተሩ ይይዛል። ከጭስ ማውጫው መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ከዚያ ድምፁ ይስተካከላል። እኔ ያን ቀን ቆቦ ውስጥ በተከራየሁት ግቢ ብቻዬን ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። አሁን ሳስበው ምነው ያን ቀን ባልተነሳ እላለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል በቅደም ተከተል ላስረዳ።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ቆቦ ተመደብኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከተማ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከሮቢት በስተምሥራቅ ቆላው ውስጥ ባለች መንደር መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ሞተሩን የገዛሁትም ለዚህ ነው። የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር የነበረ አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። ሌላው ሰው በቆርቆሮና በበርሜል ሲሻማ እኔ ሞተሩን ወሰድኩ። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ተሰንጥቆ ነበር። መለዋወጫ ስለማይገኝ የከተማው በያጅ የበርሜል ቁራጭ ለጥፎ በየደው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የማንንም ሞተር ድምፅ አይመስልም፤ ሁለቴ አጉረምርሞ አንዴ ያስላል።

«ይሄ ሞተር ሳምባ ምች ይዞታል» አለኝ በያጁ። «ግን አትፍራ፣ አይሞትም። ሲያስል የኖረ ሰው ጤነኛውን ሁሉ ቀብሮ ነው የሚሄድ።»

የራያ ቆላ ክረምት ለሞተር አይሆንም። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጭቃ መከላከያው፣ ፓራፋንጎው፣ ሥር ይሞላና ጎማው መዞር ያቆማል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ሞተር ይቆማል። አቋቋም ግን አለው። አብዛኛው ሰው ግድግዳ አስደግፎ ኬሻ ይጥልበትና ይረሳዋል። በመስከረም ሲመጣ የቤንዚን መያዣው፣ ሰልባትዮው፣ ዝጎ፣ ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ፣ ጎማው በቆመበት በኩል ተጣብቆ ያገኘዋል። እኔ ቤንዚኑን ከሰልባትዮውም ከካርቡሬተሩም አንጠፍጥፌ አወጣ ነበር። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አፈስና መርገጫውን በእጄ ቀስ አድርጌ እገፋለሁ፤ ዘይቱ ውስጡን እንዲቀባው ነው። ካንዴላውን መልሼ አጠብቃለሁ። ሰንሰለቱን በተቃጠለ ዘይት አጥባለሁ። ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት እንዲለቁ ሞተሩን ጡብ ላይ አነሳዋለሁ። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ እወትፋለሁ፣ አለዚያ ተርብ ይሠራበታል። ይህን ሁሉ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገር ነበር።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሸምገል ያለ ባልደረባ ነበረኝ። እሱም ሞተር ነበረው፤ ሲሄድ ያየው ሰው ግን ጥቂት ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ አሳየኝ። የሞተሩ ካንዴላ ነው።

«ሲፈልጉት የማይነሳው ለዚህ ነው» አለኝ።

«ማን ሲፈልገው?»

«የሚፈልግ ይጠፋል ብለህ ነው? ስማኝ አንተ ልጅ፣ ሞተርህን ትንሽ አሳምመው። በዚህ ዘመን ደህና ሞተር ያለው ሰው ባለሞተር አይደለም፤ የሰው ሹፌር ነው።»

ሳቅሁ። ካንዴላው ወጥቶ ቀዳዳው ክፍት ሲቀር እርጥበትና አቧራ ገብቶ ውስጡን እንደሚበላው አስረዳሁት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝና «ተባረክ፣ አስረዳኸኝ» ብሎ ካንዴላውን ወደ ኪሱ መለሰው።

መስከረም ላይ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ጉዞ ወደ መንደሯ አደረግሁ። ክረምት ሲወጣ መንገዱ ያታልላል፤ ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና ጭቃ ነው። የጎሊና ወንዝ ያመጣው አዲስ አሸዋ ደግሞ አለ። አሸዋ ላይ ፍሬን የነካ ወደቀ ማለት ነው፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ቤንዚኑን ሳያቋርጡ እየሰጡ፣ ዓይንን ሩቅ ጥሎ ማለፍ ነው። ወንዙን ከተሻገርኩ በኋላ ግራና ቀኙ ማሽላ ብቻ ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ ሄዷል። ከማሽላው በላይ የሚታየው ማማና ማማው ላይ ቆሞ ወፍ የሚጠብቅ ወጣት ነው። የሞተሬን ሳል ሲሰሙ ያፏጫሉ። አንዱ ለሌላው ይጮኻል።

«ሳሉ መጣ! ኧረ ሳሉ መጣ!»

ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ይወርዱና ደብተራቸውን ይዘው ግራሩ ሥር ይሰበሰባሉ።

ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ልጅ ነበር። ጺሙ ገና መብቀል የጀመረ ረጅም ወጣት ነው። ሌላ ልጅ የላትም፤ የሚያርስላት እሱ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁሉም በልጦ ማንበብ ቻለ። እሷ ከኋላው ትመጣና ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ፊደል እንቢ ብሏት ነበር።

«መምህር፣ እኔን ተወኝና እሱን አስተምርልኝ» አለችኝ ያን ቀን። «እኔ ደሞ ተምሬ ለምን ልሆን ነው?»

«እማዬ ‹ረ›ን ስታይ ማጭድ ናት ትላለች» አለ ልጇ፣ ሰውን ሊያስቅ።

«ማጭድ ባልይዝ አንተ በምን ታድግ ኖሯል? በፊደል?»

ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን እየሳቀችም ዓይኗ ከመንገዱ አይነቀልም ነበር። በዚያ ሰሞን የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ነበር፤ በየቀበሌው ኮታ ተጥሏል፤ ኮታው ካልሞላ ደግሞ ያገኙትን አፍሰው ይወስዳሉ። የመኪና ድምፅ ሲሰማ ወጣቱን ሁሉ ማሽላው ይውጠዋል። የእኔ ሞተር ሲሰማ ደግሞ ከማሽላው ይወጣል። «ይህ ማሽላ እስኪታጨድ ድረስ ፈጣሪ ይጠብቅልኝ እንጂ፣ ከዚያ ወዲያስ እንጃ» አለችኝ ስትሸኘኝ።

በዚያው ሳምንት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ጓድ ትምህርት ቤታችን መጥቶ አስጠራኝ።

«ጓድ መምህር፣ ሞተርህ በአንድ ርግጫ ይነሳል አሉ።»

«ይነሳል ጓድ» አልኩና የክረምት አቋቋሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁት። ስለ ተርቡ ስነግረው ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ።

«ጎበዝ! በከተማው ያለውን ሞተር ሁሉ ጠይቀን ነበር። አንዱ ጎማ የለውም፣ አንዱ ካንዴላ የለውም፣ አንዱ ጭራሽ አይጥ ወልዳበታለች። ያንተን ግን አገሩ ሁሉ በድምፁ ያውቀዋል አሉ።»

«ከማማ ላይ ሆነው ያውቁታል» አልኩ።

«እንግዲያው ለቅስቀሳ ሥራ ቅዳሜን ስጠን።»

«ቅዳሜ አስተምራለሁ እኮ ጓድ።»

«ቅዳሜ ለመምህራን ስብሰባ ተጠርቷል። ሞተሩን ይዘህ ስብሰባ አትገባ።»

ጥያቄ መሰለ እንጂ ጥያቄ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር እንቢ የሚል አላየሁም። ቁልፉን ሰጠሁ። ሊነዳው ለመጣው ሰው አሸዋ ላይ ፍሬን እንዳይነካ ነገርኩት፤ ለሞተሩ ሰግቼ ነው። ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ጂኦግራፊ መምህሩ አጠገቤ ተቀመጠ። «ካንዴላውን ይዘኸዋል?» አለኝ በሹክሹክታ። «አልያዝኩም» አልኩት። ስብሰባው እስኪያልቅ ወለሉን ሲያይ ዋለ።

ማታ ሞተሩ ታጥቦ መጣ። ሰው ሞተሬን ተውሶ አጥቦ ሲመልስልኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ሰልባትዮው እስከ አፉ ተሞልቷል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኩ።

በማግስቱ በዚያው ቤንዚን ወደ መንደሯ ሄድኩ። ወንዙን ስሻገር የሚያፏጭ አልነበረም። ማማዎቹ ባዶ ናቸው። ወፉ ማሽላው ላይ ሰፍሮ ይበላል፤ የሚወነጭፍበት የለም። ግራሩ ሥር ስደርስ እናትየው ብቻዋን ቆማለች። ሞተሩን እስካጠፋ ጠበቀችኝ።

«ድምፁን ሰምቶ ነው የወጣ» አለችኝ።

ነገሩን የነገረችኝ ሳታለቅስ ነው። የመልማዮቹ መኪና በሌሊት በወንዙ ውስጥ መጥቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ከወንዙ ገደል ሥር ተደብቆ ነበር። ሰዎቹ ማሽላው ውስጥ አድፍጠዋል። በትምህርት ሰዓት የሞተሬ ሳል ተሰማ። ነጂው ከሩቅ ሲያዩት እኔን ይመስላል፤ የኔን የመሰለ ኮት ለብሷል። ወጣቶቹ «ሳሉ መጣ» እየተባባሉ ከማማው ወረዱ፣ ደብተራቸውን ይዘው ሮጡ። ልጇ እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ።

«እማማ፣ እኔ እኮ አይደለሁም» አልኩ። «እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሞተሩን ለቅስቀሳ ብለው ወስደውብኝ...» ማስረዳቴን ቀጠልኩ። ስለ ጓዱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ስለ ስብሰባው ሁሉ ተናገርኩ።

«አንተ እንዳልሆንክማ አየሁ፤ ቆሜ እያየሁ አይደል የወሰዱት?» አለችኝ። «አንተ አይደለህም። ድምፁ ግን ያንተ ነው።» ቀጥላም «ደብተር ይዞ የዘመተ ልጅ አይተህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ጓዱ ዘንድ ሄድኩ። ልጁ ለእናቱ አንድ መሆኑን፣ እርሻው ሰው እንደሌለው፣ የመሠረተ ትምህርቱ ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ነገርኩት። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ወንበር ሁሉ ስቦልኛል።

«ጓድ መምህር፣ የተገደደ የለም እኮ» አለኝ። «እየሮጡ ነው የመጡ።»

ከዚያ በያጁ ዘንድ ሄጄ ማርሚታውን አፍርሶ እንደ አዲስ እንዲበይደው አደረግሁ። ድምፁ ለሰስ አለ፣ ሳሉ ጠፋ። ይህ ደግሞ ባሰ። የማያውቁት ሞተር ሲመጣ የሰሙት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ማሽላ ገቡ። ጓዱ በሌላ ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ ካንዴላው ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ምን ነካው?»

«እርጥበት ነው ጓድ።»

«ያን ሁሉ አስረድተኸኝ?»

«እርጥበት አይታወቅም ጓድ» አልኩት። በሕይወቴ ሳላስረዳ የመለስኩት የመጀመሪያው መልስ ሳይሆን አይቀርም።

ለመንደሯ ግን ይህ አልበጀም። እኔ ካንዴላ መደበቄን ማን ያውቃል? በመጨረሻ ሌላ ዘዴ ያዝኩ። ጎሊና ስደርስ ሞተሩን አጠፋና ወርጄ አሸዋውንም ዋልካውንም እየገፋሁ እሄድ ጀመር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ማንም አልወጣም፤ ግራሩ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ተመለስኩ። በሁለተኛው አንድ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ገበሬ ከማሽላው ውስጥ ብቅ አሉና ላቤን አይተው ሳቁ።

«መምህር፣ ይሸከምሃል ብለን አንተው ትሸከመው ጀመር?»

«ምን ላድርግ አባባ።»

«አብሽር፣ ግፋው፣ ግፋው» አሉኝ። መግፋቱን ግን አላገዙኝም። እንዳያግዙኝም እፈልግ ነበር።

እናትየው የመጣችው ከብዙ ቅዳሜ በኋላ ነው። ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም፤ ፊት ለፊት፣ ልጇ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች። «ደብዳቤ ቢልክ ለቀበሌ ጸሐፊ አላስነብብም» አለችኝ። ከዚያ በቀር ስለ ልጇ አልተነጋገርንም። እንቢ ያላት ፊደል ሁሉ ገባት። በተዛወርኩበት ዓመት የጋዜጣ ርዕስ ሳትንተባተብ ታነብ ነበር። እኔ ቆቦን እስክለቅ ድረስ ደብዳቤ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ይምጣ አይምጣ አላወቅሁም፤ የሚነግረኝ ሰው ቢኖርም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

ሞተር ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። በድምፃችሁ ወደምትታወቁበት መንደር ስትሄዱ ከመድረሳችሁ በፊት አጥፉትና ውረዱ። ማርሹን ባዶ አድርጉ። በግራ በኩል ቁሙ፤ መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ፣ ወገባችሁን ወደ ኮርቻው አስጠግታችሁ ግፉ። አሸዋ ላይ ይከብዳል፤ ስትቆሙ ይሰምጣልና አትቁሙ። ፊታችሁ ለሰው እስኪታይ ድረስ ግፉት፤ ማን እንደሚወጣና ማን እንደማይወጣ ያኔ እዩ።