ተላመደ የተባለው በሽታ

የብርጓል በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከእናቷ ጋር ከቁይ ገበያ ስትመለስ ደራሽ ውሃ ወሰዳቸው። እናቷ በዚያው ቀረች። እሷ የዛፍ ሥር ጨብጣ ስትጮህ ውላ፣ ሰዎች በጠፍር ጎትተው አወጧት። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራት ነገር ያለ አይመስላትም ነበር።

አምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ገላዋን ስትታጠብ፣ ግራ ጡቷ ላይ ሽምብራ የምታክል ጠጣር ነገር አገኘች። አታምም። ደብረ ማርቆስ ሄዳ ስትመረመር ካንሰር ሆነ። «በጊዜ መጥተዋል» ተብላ ጡቷ ተቆረጠ፤ በየጠዋቱ የሚዋጥ ክኒንም ታዘዘላት። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ቀን ሳታጓድል ዋጠች።

በሦስተኛው ዓመት ብብቷ ሥር ሌላ እብጠት ወጣ። እጇ ወደዚያ እንዳይሄድ ትከለክለዋለች፤ እጇ ግን ይሄዳል። ከትናንት ዛሬ አድጎ ይሆን? ለማንም ሳትናገር ከረመች። ክንዷ አብጦ እንስራ ማንሳት ሲያቅታት ግን ባሏ መሳፍንት ደረሰባትና ሆስፒታል ወሰዳት።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ «እናቴ፣ በሽታው ክኒኑን ተላምዶታል» አላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። አብራት የገባችውን ልጇን ዜማን እዚያው ትታ፣ ፊቷ በርቶ፣ ደጅ ወደሚጠብቃት ባሏ እየተጣደፈች ወጣች።

«ተላምዷል አሉኝ!»

«እኔስ ምን አልሁሽ!» አለ መሳፍንት። «በሬም ስንቱን ተራግጦ ነው የሚላመደው። በይ፣ ያን ሙክት ለፋሲካ አናቆየውም።»

«አንተ ደግሞ ለሥጋ ሰበብ አታጣም!» ብላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ደጀን ከተማ አስተማሪ የሆነችው ዜማ የምርመራውን ወረቀት ይዛ ወጣች። አልሳቀችም።

«እምዬ፣ እንደ በሬው አይደለም። ክኒኑን አይፈራውም ማለት ነው። እየዋጥሽውም ያድጋል።»

«እሳት እንደለመደ ጅብ?»

«አዎ።»

«ዝም አትይም አንቺ!» ብሎ መሳፍንት ልጁን ተቆጣ።

«ተዋት።» የብርጓል ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ንገሪኝ ልጄ፣ ሌላስ ምን አለ?»

አሁን በየሦስት ሳምንቱ ባሕር ዳር እየሄደች መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣታል። ጠጉሯ አልቋል። እብጠቱ ይክሰም አይክሰም ገና አልታወቀም፤ ሐኪሙ በዳሰሳት ቁጥር ትንፋሿን ውጣ ፊት ፊቱን ታያለች።

ሰዎች በሕይወትሽ ከሁሉ የሚበልጥብሽ ነገር ምንድን ነው ሲሏት እንዲህ ትላለች፦ «አልፈራም ብል ውሸት ነው። ግን ዜማ ያን ቀን ብታዝንልኝና ዝም ብትል፣ ሙክት አርጄ፣ ክኒኔን እየዋጥሁ እቤቴ እቀመጥ ነበር። ልጄ አልዋሸችኝም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።»