ከጠረጴዛዬ ማዶ ያለው ወንበር

ዛሬ ጠዋት ከአንዱ ክፍል አንዲት ወጣት «ድረ ገጹ ላይ ስልካችን ተሳስቷል» ብላ መልእክት ላከችልኝ። ወዲያው አስተካከልኩት። አመሰገነችኝ፤ በዚሁ አለቀ። መልኳን እንኳ አላውቀውም። ከጠረጴዛዬ ማዶ ያለውን ባዶ ወንበር አየሁና ያ ክረምት ትዝ አለኝ።

ከአምበር መጥቼ ደብረ ማርቆስ የተቀጠርኩት ገና ጢም ሳላወጣ ነው። ሥራዬ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ መያዝ ነበር። ከየክፍሉ «ይህ ይጨመር፣ ያ ይሰረዝ» የሚል ደብዳቤ ማህተም ተመትቶበት ይመጣል፤ ሁሉም «በአስቸኳይ» ይላል። ደብዳቤ ይመጣል እንጂ ሰው አይመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይውላል፤ እኔ ሽሮዬን ብቻዬን በልቼ፣ ማታ ጭቃውን እያቦካሁ ወደ ኪራይ ቤቴ እሄዳለሁ። ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር የዋልኩባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

አንድ ቀን እውነትም ግራ የሚያጋባ ደብዳቤ መጣና «በአካል ቀርበው ያስረዱ» ብዬ መለስኩት። የሥልጠና ክፍሏ ወይዘሮ የሺ መጡ። አስረድተው ሲያበቁ ስለ ልጆቻቸውና ስለ በርበሬ መወደድ አጫውተውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አመል ሆነብኝ፤ ቁልጭ ብሎ የተጻፈውንም ሁሉ «ያስረዱ» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ይመጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ወይዘሮ የሺ የሥልጠና ምዝገባው ዓርብ መሆኑ ቀርቶ ረቡዕ እንዲባል ጻፉ። ሁለት መስመር ነው። መለስኩትና ሻይ አስመጥቼ ጠበቅኋቸው። እሳቸው ግን ለቅሶ ሄደው ኖሮ ሳምንቱን አልገቡም። ነገ ይመጣሉ እያልኩ ረቡዕ አለፈ። ሐሙስ ባልደረባቸው ደብዳቤውን አግኝቶ ሲያመጣልኝ ደንግጬ ቀኑን ለወጥኩት።

ዓርብ በሬ ተንኳኳ። ከዲማ አንድ መሪጌታ ከነልጃቸው መጥተዋል፤ ጋቢያቸው ርሷል። ዘበኛው ነው ወደ እኔ የላካቸው።

«ልጄ፣ ምዝገባው ረቡዕ አለቀ አሉን» አሉኝ፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ።

ልጅቱ ቆማ ቀረች። «ዓርብ ነበር የሚለው። በጓደኛዬ ስልክ አይቻለሁ» አለች።

ወደ ሥልጠና ክፍል ሮጬ ለመንኩ። ዝርዝሩ ተልኳል አሉኝ። ስመለስ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልናገር «አልተቻለም የኔታ» ብቻ አልኩ።

«ያው አሁን ሲታይ ረቡዕ ነው የሚለው። እሷው ተሳስታ አንብባ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ» አሉ። ስለ ድካሜ ብለው ከአኮፋዳቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በላሁት። ልጅቱ አንድ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዛሬ የሚመጣልኝን ሁሉ ማንንም ሳልጠራ በዕለቱ እሠራለሁ። በሬን የሚያንኳኳ የለም፤ ለምጄዋለሁ። ግን አንዳንዴ ያቺ ልጅ ብትመጣ እላለሁ። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። ወንበሩን ስቤ አስቀምጣት ነበር፤ «በትክክል ነው ያነበብሽው» እላት ነበር።