ናፍጣው ወንዝ የገባ ጊዜ

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ፣ ሰሚት ሰፈር ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም በላይ ባለው መንገድ ናፍጣ የጫነ ቦቴ ተገለበጠ። ሹፌሩ ተርፏል። ናፍጣው ግን በአስፋልቱ ላይ ተንጣለለ፤ ሽታው እኔ ያለሁበት ፎቅ ድረስ መጣ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቴ ከወሎ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ያኔ ከሰፈሩ በታች ባለው ወንዝ ዳር፣ በወንዙ ውሃ ጎመንና ቆስጣ እያለሙ ሾላ ገበያ ይሸጡ ነበር። ሻሻቸውን እያሰሩ ሲወጡ አይቼ ተከተልኳቸው።

እውነቱን ለመናገር ባለሥልጣናቱ ቶሎ ደርሰዋል። ያሳሰባቸው ግን የተዘጋው መንገድ ነበር። የውሃ መኪና አምጥተው አስፋልቱን ማጠብ ጀመሩ፤ ናፍጣው ከውሃው ጋር በመንገዱ ዳር ቦይ ቁልቁል ወረደ።

«ቦዩን በአፈር ድፈኑት እንጂ፣ ወንዝ እኮ ነው የሚገባው» አልኩት ሥራውን ለሚመራው ሰው።

«መንገዱ ይከፈት ተብሏል» አለኝ፣ ሳያየኝ።

ማታ በዜና መንገዱ በፍጥነት ተከፍቷል፣ የደረሰ ጉዳት የለም ተባለ። ጎረቤቴ ቤት ነበርኩ። እሳቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱት።

ቆየት ብሎ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ለትብብራችን ምስጋና ከቀረበልን በኋላ ጎረቤቴ እጃቸውን አወጡ።

«መንገዱ ታጥቧል፣ እሰየው። ጎመኔን ሰው ይብላው ወይስ አይብላው? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

«እናታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ለሚመለከተው አካል እናሳውቃለን» አለ ሰብሳቢው።

«የሚመለከተው አካል ማነው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው ወደ ሌላ ጠያቂ ዞረ።

ቦቴውን መንግሥት አልገለበጠውም። አደጋ ነው፣ የትም ይደርሳል። ቅር ያለኝ ለባለሥልጣናቱ «አናውቅም፣ እናጣራለን» ማለት ያን ያህል ሞት መሆኑ ነው። አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ወርዶ ውሃውን ቢቀዳ ኖሮ ክፉውንም ዜና በጸጋ እንቀበል ነበር። ማንም አልመጣም።

ጎመኑ ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነበር። ታጥቦ ሾላ ቢወጣ ገዢ አያጣም።

«ምን አሰቡ?» አልኳቸው።

«እኔ የማልበላውንማ ለሰው አላበላም።»

አብረን ነቀልነው። እሳቸው ከዚያ ወዲህ መሬቱን ትተው ከጅምላ ነጋዴ ድንች እየተረከቡ ይቸረችራሉ፤ ትርፉ ትንሽ ነው፤ መሬቱም ይናፍቃቸዋል።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ሰላጣ ተከለ። ጎረቤቴ ሊያስጠነቅቁት ወርደው፣ ሲመለሱ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

«ምን አለዎት?»

«‹ተመርምሯል ወይ?› አለኝ። አልተመረመረም አልኩት። ‹ታዲያ በምን አወቁ?› አለኝ።» ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ምን ልበለው? አላወቅኩም እኮ።»

ሰላጣው አድጎ ተሸጠ። የት እንደተበላ አላውቅም።