«መጣሁ» ብለን የዘፈንነው ዘፈን

ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደመላሽ ከቡሬ ድረስ ሊሸኘኝ መጥቶ ሻንጣዬን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ራሱ አሰረልኝ። ውጭ አገር ለመዝፈን የተጠራነው ሁለታችንም ነበርን፤ ቪዛው የመጣው ለእኔ ብቻ ነው። እሱን ኤምባሲዎቹ ትመለሳለህ ብለን አናምንም ብለው ፓስፖርቱን መለሱለት። ትመለሳለች ብለው ያመኑት እኔን ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ትርንጎ እባላለሁ፤ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነበርኩ። ደመላሽ ቡሬ ላይ ሞባይል ይጠግናል። እሱ በአሮጌ ኪቦርድና በኮምፒዩተር ከበሮ፣ እኔ በድምፄ፣ በቃ ሁለታችን ብቻ ነን። ሰዎች የቀሩት የት ሄዱ ይሉን ነበር። ነጠላ ዜማችንን የቀረፅነው ከሱቁ ጓዳ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ነው። የነቀምቴ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቁመን እንደገና እንጀምራለን። ርዕሱ «መጣሁ» ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ከቤት ስንወጣ ሄድኩ አንልም፤ መጣሁ ብለን ነው የምንወጣው። ዘፈኑ እንደዚያ ብላ ወጥታ ስለቀረች ሴት ነው። ስንጽፈው እንኳ ስለ እኔ አላሰብንም።

ኢንተርኔት ላይ ከለቀቅነው ብዙም ሳይቆይ ከስዊድን፣ ከአንድ ትንሽ የሙዚቃ ድግስ ግብዣ መጣ። ከትምህርት ቤት የአሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ብቻዬን ቆሜ፣ የደመላሽን ኪቦርድ ከፍላሽ እያስከፈትኩ ዘፈንኩ። አጨበጨቡልኝ። ልመለስ ሦስት ቀን ሲቀረኝ አገር ቤት መንገዱ ተዘጋ፣ ኢንተርኔቱም ጠፋ። እናቴ በስንት መከራ ብትገኝ «እንዳትመጭ» ብላኝ ስልኩ ተቋረጠ። እኔም ጥገኝነት ጠየቅሁ።

የመረመረችኝ ሴትዮ ትሑት ነበረች። እዚህ ሰሜን ያሉ ሰዎች አዎ ሲሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ልክ እንደ እኛ። እሷም እንደዚያ ስትል ገና ሳትጠይቀኝ የገባኋት መስሎኝ ነበር። ተርጓሚው እዚሁ ስዊድን ያደገ ልጅ ነው፤ የዘፈናችንን ርዕስ «ደርሻለሁ» ብሎ ተረጎመላት።

«ይህ ዘፈን የወጣው ከአገርሽ ከመነሳትሽ በፊት ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኩ።

«ታዲያ ደርሻለሁ ስትዪ፣ ለመቅረት ያሰብሽው ገና ሳትመጪ ነው ማለት ነው?»

የለም፣ በእኛ ዘንድ መጣሁ ማለት ሄድኩ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁ። ተርጓሚው እየደጋገመ አየኝና እንደምንም ተረጎመው። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እና ስትመጡ ምንድን ነው የምትሉት?»

«እንደምን ዋላችሁ» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል።

ጻፈችው። ከአምስት ወር በኋላ የደረሰኝ መልስ ቃሌ እርስ በርሱ ይጋጫል የሚል ነው። እስከ ዛሬ ይግባኝ ላይ ነኝ፤ ከዚህ አገር መውጣትም አይፈቀድልኝም።

አሁን አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ወለል አጸዳለሁ። ዳቦው ስኳር ስኳር ይላል፣ ወጥ አይያዝበትም። ዝናቡ ድምፅ የለውም፤ እኛ አገር ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አስተማሪ እንኳ ትምህርት ያቆማል፣ እዚህ መዝነቡን የማውቀው ውጭ ወጥቼ ነው። መዝፈንም አይቻልም፤ ግድግዳው ስስ ነው። ስለዚህ ትቬትስቱጋ የሚሉት፣ ምድር ቤት ያለ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ማሽኑ ሲጮህ አብሬ እዘፍን ነበር። አከራዬ አንድ ቀን በሩን ከፍተው፣ ክፍሉን ያስያዝሽው ለልብስ ነው፣ ለዘፈን ተራ አልያዝሽም አሉኝ። ለዘፈን የሚያዝ ተራ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከልባቸው አሰቡበትና የለም አሉ።

ዘፈናችን ግን እኛን ጥሎን ሄዷል። ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ በፍላሽ ከባጃጅ ወደ ባጃጅ እየተገለበጠ ጅጋም መራዊም ዱርቤቴም ደርሷል። ይህን የነገረኝ ደመላሽ ነው፤ ኔትወርክ ሲመለስ፣ ባለፈው እሑድ ቀን ላይ ደወለ። ልብስ እያጠብኩ ነበር። ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ሊጫወት ተጠርቷል። ትንሽ ሲያንገራግር ቆየና የመራዊ ልጅ እንዳገኘ ነገረኝ፤ የእኔን ቦታ የምትዘፍን።

«ካልሽኝ እተወዋለሁ» አለ።

ምን ብዬ ተወው ልበለው። ትዝፈንልኝ አልኩት። ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ ዘፈነች። ማሽኑን አጠፋሁት። ጥሩ ድምፅ አላት፤ ከእኔ ዝቅ ያለ፣ ያልተጨነቀ። ጥሩ ባትሆን ይሻለኝ ነበር። ስትጨርስ፣ «እታለም፣ አዝማቹ መሀል የት ላይ ነው የሚተነፍሱት?» አለችኝ። አንቱ ስትለኝ ጊዜ ወንበር ፈለግሁ። በድምፅዋ ከሆነ በእሷ ዕድሜ አካባቢ ነኝ እኮ፤ በአንድ ጊዜ ድሮ ዘፋኝ የነበሩ ሴትዮ ሆንኩ። ሦስተኛው ምት ላይ ትንፋሽሽን ሰርቀሽ ውሰጂ፣ ለማንም አታሰሚ ብዬ አሳየኋት። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ያዘችው።

ደመላሽ ስልኩን መልሶ ወሰደና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንች፣ ሌላም ነገር አለ» አለኝ። ማስታወቂያው ሊታተም ነው። ሰው የሚያውቀን ትርንጎና ደመላሽ ብሎ ነው፤ ፊቴን እንደሆን ማንም አያውቀውም። ልጅቱ ለጊዜው ትርንጎ ተብላ ብትወጣ ምን ይመስልሻል አለኝ።

ስለ ዘፈኑ፣ ስለ ቦታዬ እሺ ብያለሁ። «ስሜን ግን ተውልኝ» አልኩት።

ደመላሽ፣ ደመላሽ አልኩ። ኔትወርኩ የሄደው ከመናገሬ በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። ማስታወቂያው ሐሙስ ይታተማል ብሎኝ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከእሑድ ጀምሮ እየደወልኩ ነው፤ አይጠራም።